ጎርፉ የደረሰበት ልክ

ወሬ አልወድም ብል ያምቦ ሰው ይስቅብኛል። ባለፈው ኅዳር አንድ ሞባይል ቤት ቻርጀር ልገዛ ገብቼ፣ ከገዛሁ በኋላም የቆምኩት ጨዋታ ለመስማት ነው።

የሰፈራችን ሽማግሌ ኦቦ ሌንጂሳ ስልካቸውን ለባለሱቁ አቀብለው፣ «የክረምቱን ጎርፍ ፎቶ አጥፋና ለልጄ ሠርግ ዘፈን ሙላልኝ» አሉት።

አጠገባቸው የነበረችው ጂቱ፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ፣ እጅ ነሣች። «ኦቦ ሌንጂሳ፣ ሳይጠፋ ለእኛ ይስጡን። ሰው በየስልኩ ያነሳውን የጎርፍ ፎቶ ከነቀኑ፣ ከነቦታው ኮምፒውተር ላይ እያሰባሰብን ነው።»

«ክፉ ቀን ይረሳል እንጂ ይቀመጣል፣ ኢንታላ ኮ?» አሏት፤ «ልጄ» ማለታቸው ነው። «ደግሞ ባለቤቴ ጥጃዋ ተወስዳባት ስታለቅስ ልጄ በስልኬ ያነሳችው ነው። እንባዋን ለባዳ ላሳይ?»

እውነቱን ለመናገር፣ እዚህ ላይ ልቤ ወደ ሽማግሌው አደላ።

«ባለቤትዎ ካልፈቀዱ ፊታቸውን ማንም አያይም፤ ዘግተን እናስቀምጠዋለን» አለች ጂቱ። «ግን ውሃው እስከ የት እንደወጣ ያውቃሉ?»

«እኔ ስልኬን ረስቼ ጌዶ ገበያ ነበርኩ። እስከ ድልድዩ ነው አሉ። አሁንማ ወንዙን በእግር ነው የምንሻገረው። ዳሩ ላይ ለልጄ ለቢፍቱ የቤት መሠረት አስቆፍሬያለሁ፤ ድንጋዩ ዛሬ ይራገፋል።»

ጂቱ ደንግጣ ላፕቶፗን ከፈተች። «ይህን ከወንዙ ማዶ ያለች ነጋዴ ከበረንዳዋ ያነሳችው ነው።»

ኦቦ ሌንጂሳ ጎንበስ ብለው አዩ። «ይህ ቅርንጫፍ የምንድነው?»

«እርስዎ ቦታ ላይ ያለው ዋንዛ ነው።»

«ግንዱስ?»

«ውሃው ውስጥ።»

መሠረቱ የተቆፈረው ከዋንዛው ሥር ነበር። ሽማግሌው ግን እልኸኛ ናቸው፤ «አንድ ፎቶ ያሳስታል» አሉ። ጂቱ ሌሎች አራት ሰዎች ከሌላ ከሌላ ቦታ ያነሱትን አሳየቻቸው። ሁሉም ላይ ግንዱ የለም።

«ያ ዋቃ! አምላኬ!» ብለው ስልካቸውን ከባለሱቁ እጅ ነጠቁና ግንበኛው ጋ ደወሉ። «ፈየራ፣ ድንጋዩን እንዳታራግፍ!»

እኔም የተማርኩት ይህን ነው፦ በየኪሳችን የተበታተነው ፎቶ ብቻውን ኀዘን ነው፤ ሲሰበሰብ ግን ቤት ለሚሠራም፣ ድልድይ ለሚዘረጋም ልክ ያሳያል። የጠፋውን ደግሞ ማንም አይመልሰውም። ኦቦ ሌንጂሳም፣ «ለባለቤቴ ለጌጤነሽ ነግሬ እሷ እሺ ካለች ሁሉንም ውሰጂ» አሏት ለጂቱ።

ከዚያ ትንሽ ቆይተው ልጃቸው ጋ ደወሉ።

«ቢፍቱ፣ ቤትሽ ለሠርግሽ አይደርስም… አዎ፣ ቃል ገብቼ ነበር… ተናደጂ፣ ልጄ። ተናደጂብኝ። በሕይወት ኖረሽ ተናደጂብኝ።»