ሁለት ድስት

ጋሪው ላይ አብረውኝ የተሳፈሩት የፋብሪካችን ወጥ ሠሪ አሮጊትና አንዲት እሳቸው የማያውቋት ሴት ነበሩ። ሴትዮዋ አሮጊቷ በያዙት ዘንቢል ውስጥ ሥጋ አይታ ጠየቀቻቸው።

«ዛሬ እኮ ሮብ ነው እማማ። ሥጋ ይሠራሉ?»

«ሁለት ድስት እጥዳለሁ፤ አንዱን ሥጋ፣ አንዱን ሽሮ። የፋብሪካው ካድሬ ጾም ቀርቷል፣ ሥጋ ብቻ ይሠራ ብሎ ነበር። ያለ ሽሮ እሳት አላነድም አልሁት።»

«አልታሰሩም?»

«ሦስት ቀን። ሲለቁኝም ሁለቱን ጣድሁ።»

«እርስዎ እየጾሙ፣ ሥጋውን መሥራቱ ኃጢአት አይሆንብዎትም?»

«ጾሙ የእኔ ነው ልጄ። እሱ ብሉ ብሎ ማዘዝ የለበትም ካልሁ፣ እኔስ ጹሙ ብዬ ላዝዝ እንዴ?»

«የሥጋውን ጨው ሳይቀምሱ እንዴት ያውቁታል?»

«ካድሬውን ጠርቼ አስቀምሰዋለሁ። ጨው ላይ አይሳሳትም።»

ፋብሪካው በር ስንደርስ፣ ሮብ ሮብ ከሥጋው ድስት የምበላው እኔ ዘንቢላቸውን ተቀብዬ ወረድሁ።