ረጅሙ ምርቃት

ከመካነ ኢየሱስ በአውቶቡስ እንደተነሳን አንድ ገበሬ አጠገቡ የተቀመጡትን ቄስ አዋራቸው።

"አባ፣ ደስ ይበልዎት! ለወረዳችን እጩ እንዲሆን የእርስዎን ሰው መረጥነው።"

"የቱን የኔን ሰው?"

"ሁለቱም ተወዳዳሪዎች ሊመረቁ ሲመጡ ቆመን እያየን አልነበር? የነጋዴውን ምርቃት አስረዘሙት። እኔ ጧት መረጥሁት፤ መንደሩም እየወጣ እሱኑ እየመረጠ ነው።"

"ምነው ልጄ! ያስረዘምሁትኮ አመሉ ክፉ ስለሆነ፣ አምላክ እንዲያርመው ብዬ ነው!"

"እግዚኦ! ያኛውስ?"

"እሱማ ጨዋ ነው። ምን ብዬ ላስረዝም?"

"ሾፌር፣ አውርደኝ! ሮጬ ልንገራቸው!"

"በል ቀስ ብለህ ውረድ" አለው ሾፌሩ አቁሞ።

"ይመርቁኝ አባ! ግን አጭር ይሁን!"

እኔም ደብረ ታቦር ስንደርስ መስቀል ልሳለም ጎንበስ ብል፣ የቄሱ ምርቃት አላልቅ ብሎኝ ላብ አጠመቀኝ።