ማዳም የምትጮህበት ካሴት

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ታክሲ ውስጥ አላወራም፤ እሰማለሁ። እዚህ ዓረብ አገር፣ ከፋናር በተሳፈርኩበት ሰርቪስ፣ ማለትም የጋራ ታክሲ ውስጥ፣ ሁለት የአገሬ ልጆች አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። አንዷ የቪዲዮ ካሴት ታቅፋለች።

«ባለሱቁ ምን አለሽ?»

«ምስሉን አጠራዋለሁ፣ ድምፁን ግን አልችልም አለኝ።»

«ድምፁ ደግሞ ምን ሆነ?»

«እማዬ በቴሌቪዥን ስለ በዓል ገበያ ስትጠየቅ ወንድሜ ቀርጾ ልኮልኝ አልነበር? ለእህቴ ልገለብጥላት ብዬ፣ ሁለተኛ የቪዲዮ ዴክ ስለሌለ፣ የማዳሜን ካሜራ ቴሌቪዥኑ ፊት ደቅኜ ቀረጽኩት።»

«ጎበዝ! ታዲያስ?»

«እማዬ ‹ሽንኩርቱ አልቀመስ ብሏል› ስትል፣ ማዳሜ ከጓዳ ‹ያላ! ካውያው የት ነው?› ብላ ትጮሃለች።»

«ዋናው ካሴትስ?»

«የማዳሜ ልጅ ኳስ ቀረጸበት። ኸላስ፣ አለቀ። እማዬም አሁን የለችም፤ ድምጿ ያለው እዚህ ብቻ ነው።»

«ያኒ፣ ማዳምን ብቻ ማውጣት አይቻልም?»

«ማዳም ከወጣች እናትሽም ትወጣለች አለኝ። ድምፁን አጥፍቼ ሙዚቃ ላስገባበት ወይ ብሎኛል።»

«ምን አልሽው?»

«ተወው፣ እንዳሉ ገልብጣቸው አልኩት።»

«ለእህትሽም እንዲሁ ልትልኪላት?»

«አዎ። የካውያውን ነገር ከጠየቀችኝ እነግራታለሁ።»

ሲን ኤል ፊል መውረድ ነበረብኝ፤ እየሰማኋቸው እነሱ እስከሚወርዱበት እስከ ሀደት አብሬያቸው ሄድኩ።