ብርድ ልብስ የለበሰው ባትሪ

ቅዳሜ ከሥራ ስመለስ ጎረቤቴን ጋሽ ካርቶንን ግቢው በር ላይ አገኘኋቸው። መኪናቸውን ያጥባሉ፤ ፊታቸው ግን አስከሬን የሚገንዝ ሰው ፊት ነው። ካርቶን የሚለው ቅጽል የወጣላቸው ድሮ ከባድ መኪና ሲነዱ ነው። በብርድ አገር ሞተሩ ቶሎ እንዲሞቅ የራዲያተሩን ፊት በካርቶን ይከልሉ ነበርና፣ ስማቸውን እንደ ሜዳልያ ነው የሚሸከሙት።

"ጋሼ፣ እንዲህ የምትታጠበው ሠርግ አለባት እንዴ?" አልኳቸው።

"የምን ሠርግ! ሽኝት ነው እንጂ። ነገ ጠዋት ደላላው ይወስዳታል። ባትሪዋ ሞቷል።"

መኪናዋ ግማሽ ጉልበቷን ከቤንዚን፣ ግማሹን ከባትሪ የምታገኝ፣ ሃይብሪድ የሚሏት ዓይነት ናት።

"መሞቱን ማን አየ?"

"የማስጠንቀቂያ መብራት በራ። ከኋላ ደግሞ እንደ ንብ ቀፎ ትጮሃለች። ለደላላው ስደውልለት 'በቃ፣ አልቆላታል' አለኝ።"

በስልክ መርምሮ የሚያድን ሐኪም እስካሁን አልገጠመኝም። በስልክ የሞት ፍርድ የሚሰጥ ደላላ ግን ሞልቷል።

ነገሩ ቀላል አልነበረም። ባለቤታቸው እትዬ፣ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የተሰፋው ሁሉ ለደንበኛ የሚደርሰው በዚያች መኪና የኋላ መቀመጫ ነው። ጋሽ ካርቶንም ከጡረታ ወዲህ የሚይዙት መሪ የእሷን ብቻ ነው። "እሷ ከሄደች ቤት መዋሌ ነው" አሉ።

"እሱ ቤት ከዋለማ እኔ ወጥቼ ደላላውን አገባለሁ!" አሉ እትዬ በመስኮቱ በኩል፣ የስፌት መኪናቸውን ሳያቆሙ።

"ጋሼ፣ ታዲያ ከመሸጥዎ በፊት ራስዎ ከፍተው ቢያዩዋትስ?"

"ስሚ ልጄ፣ እኔ መንገድ ዳር ሞተር አውርጄ የገጠምኩ ሰው ነኝ። ይቺ ግን መኪና አይደለችም፣ ኮምፒውተር ናት። የድሮው ሞተር ሲያመው ያስላል፣ ይጨሳል፤ እንደ ሰው ነው። ይቺ ዝም! እኔ ዝም የሚል ነገር አላምንም።"

"እኔንም ያገባኸኝ ለዚሁ ነው" አሉ እትዬ።

ጋሽ ካርቶን ወደ እኔ ዞሩ። "ደግሞ አንቺ ስልክ ጠጋኝ ነሽ። መኪና የለሽ፣ መንዳት አትችይ። 'ከመጠምጠም መማር ይቅደም' ሲባል አልሰማሽም? የመኪናን ነገር ማን አስተማረሽ?"

"ማንም! ስልክም ማንም አላስተማረኝም፤ አንብቤና ፈትቼ ነው ያወቅሁት። የእርስዎ ስልክ የሾርባ ድስት ውስጥ የገባ ዕለት ግን የመጡት እኔ ዘንድ ነው።"

ጋሽ ካርቶን ኪሳቸው ውስጥ ያለውን ስልክ ዳሰስ አደረጉ። ከዚያም፣ "የባትሪው ብርቱካናማ ሽቦ ኃይለኛ ኤሌክትሪክ አለበት፤ ሰው ይገድላል አሉ" አሉኝ።

"እውነት ነው ጋሼ። እሱን እኔም አልነካም፣ እርስዎም አይነኩም፤ የሠለጠነ ባለሙያ አለው። ግን ቤቴ ውስጥ የመብራት ቆጣሪ አለ ብለው ቤትዎን መጥረግ ይተዋሉ?"

"የሚጠርገው እሱ መሰለሽ!" አሉ እትዬ።

ፍርሃትም ዓይነት አለው። ሽቦውን መፍራት ብልህነት ነው፤ አቧራ መጥረግን መፍራት ግን ስንፍና ጥንቃቄ ተብሎ ሲጠራ ነው።

የመኪናዋን መመሪያ መጽሐፍ ጠየቅሁ። ላስቲኩ እንኳ ሳይቀደድ የስፌት መኪናው ጠረጴዛ እንዳይነቃነቅ እግሩ ሥር ተሸጉጦ ነበር። ሥዕሉን አሳየኋቸው፤ ለባትሪው አየር የሚያስገባው ማጣሪያ ያለው ከኋላ መቀመጫው ጎን ነው።

"መጀመሪያ ያጥፏት። ዝም አለች ማለት ጠፍታለች ማለት አይደለም፤ በርታ ከቀረች ሞተሩ በራሱ ይነሳል። ቁልፉንም አርቀው ያስቀምጡ።"

ቁልፉን በመስኮት ለእትዬ አቀበሉና የኋላውን በር ከፈቱ። መቀመጫው ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ተነጥፏል፤ ጫፉ ተጠቅልሎ የጎኑ ወንፊት ላይ እንደ ውታፍ ተወትፏል።

"ይሄ ምንድን ነው ጋሼ?"

"ባትሪው እዚህ ሥር ነው ሲሉኝ ሌሊት እንዳይበርደው ብዬ ነዋ" አሉ በኩራት። "ካርቶን አልገባ ቢለኝ በብርድ ልብስ ደፈንኩለት።"

"ይሄ እኮ የባትሪው አፍንጫ ነው! ባትሪ ሲሠራ ይሞቃል፤ በዚህ በኩል ነፋስ ስቦ ነው የሚቀዘቅዘው። ትኩሳት ለያዘው ሰው ብርድ ልብስ ደርበው አፍንጫውን ይዘውታል!"

"ጩኸቱስ?"

"አየር ያጣው ማራገቢያ ነዋ።"

ወንፊቱን ራሳቸው እንዲያወልቁት ጠየቅኋቸው። ቀስ አድርገው ሳቡት፣ ቷ ብሎ ለቀቀ። ማጣሪያው ማጣሪያ አይመስልም፤ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ነጭ ክርና የብርድ ልብስ ብናኝ ተጠቅጥቆበት ሌላ ትንሽ ብርድ ልብስ ሆኗል።

እትዬ ሮጠው መጡ። "ይሄ የሙሽራዋ ቀሚስ! ይሄ የተማሪዎቹ ዩኒፎርም! ይሄ ያቺ ሦስቴ ስፌት ያስፈታችኝ ሴትዮ ካፖርት! ሥራዬን ሁሉ ውጦታል እኮ!"

"አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ" አሉ ጋሽ ካርቶን ቀስ ብለው። "መኪናዬን ልሸጣት ነበር።"

በእትዬ የስፌት መኪና ብሩሽ ማጣሪያውን ጠረጉ፣ መለሱ፣ ብርድ ልብሱን አንስተው መኪናዋን እየነዱ ወጡ። ሠፈሩን ዞረው ሲመለሱ ጩኸቱ ጠፍቷል፤ ብዙም ሳይቆይ መብራቱም ጠፋ።

በማግስቱ ደላላው መጣ። ጋሽ ካርቶን ሰላምታውን እንኳ አላስጨረሱትም። "መኪናዬ አትሸጥም! ያንተም ሃይብሪድ አይደለች? ና፣ የኋላ በርህን ክፈት። አፍንጫዋን መቼ ጠርገህላት ታውቃለህ?" ሰውዬው ሊገዛ መጥቶ ሲጠርግ አረፈደ።

ሁሉን ራሳችሁ ጠግኑ እያልኩ አይደለም። ማጣሪያ መጥረግ፣ የጎማ ነፋስ መለካት፣ የሞተር ማቀዝቀዣው ውኃ መጉደሉን ማየት ግን የባለቤት ሥራ ነው። መኪናውን የሚያውቅ ሰው መብራት በበራ ቁጥር አይደነግጥም፤ ባለሙያ ዘንድ ሲሄድም የሚጠይቀውን ያውቃል፤ ንብረቱንም በወሬ አይሸጥም።

ደላላው ሲሄድ ጋሽ ካርቶን ቁልፉን እጄ ላይ አኖሩት። "አርቀው ያስቀምጡ ብለሽ የለ? መኪናዋን በምነካካበት ቀን አንቺ ያዥው።"

"እኔ እኮ መንዳት አልችልም ጋሼ።"

"ለዚህማ ነው የማምንሽ። ግን እሱንም እናስተካክለዋለን፤ ነይ ግቢ።"

በሕይወቴ አስተማሪ ኖሮኝ አያውቅም፤ ገብቼ መሪው ፊት ተቀመጥኩ። ፍሬኑን ረግጬ መሪው ጎን ያለውን የማስነሻ ቁልፍ በጣቴ ተጫንኩ። ጸጥ!

"ጋሼ፣ አልተነሳችም" አልኳቸው።

እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። "ዝም አለች ማለት ጠፍታለች ማለት አይደለም። ይህን ማን ነበር ያስተማረኝ?"