ከደጃፍ የተሰጠ መድኃኒት

አርባ ዓመት ሙሉ ልጆችን «የሰማችሁትን ድገሙልኝ» ሲል የኖረ ሰው፣ ጡረታ በወጣ በአምስተኛው ዓመት አንዲት መልእክት ከመደርደሪያ እስከ በር ሳያበላሽ ማድረስ አቅቶት ሰው ሊገድል ነበር። ያ ሰው እኔ ነኝ። ድንጋጤው ገና አልለቀቀኝም። ከለቀቀኝ ደግሞ ጥፋቴን ማሳመር እጀምራለሁና፣ ሳይለቀኝ እንዳለ ልጻፈው።

ሰኞ ከቀትር በኋላ ሳል አላስቀምጥ ብሎኝ ወደ ሰፈራችን መድኃኒት ቤት ሄድኩ። በሩ ላይ ጥቁር መነጽር ያደረገች ሴት ቆማለች። በግራ እጇ የጨበጠችው እጀታ አንድ ትልቅ ቡናማ ውሻ ጀርባ ላይ ታስሯል። እኔና ውሻ ብዙም አንስማማም። ዘወር ብዬ ላልፍ ስል ግን ኮቴዬን ሰምታ ፈገግ አለች።

«መምህር፣ ዛሬም ቀኝ እግርዎን ይጎትታሉ» አለችኝ።

ክው አልኩ። ድምፅዋን አወቅኩት። ሰባተኛ ክፍል ሳለች ከፊት ወንበር ተቀምጣ፣ ሰሌዳ ላይ የምሳሳታትን ፊደል ከሁሉ ቀድማ የምትለቅም ልጅ ነበረች። ዓይኗን በሕመም ያጣችው ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ከያዘች በኋላ መሆኑን እዚያው ቆመን አጫወተችኝ። አሁን አንድ ሆስፒታል ውስጥ ስልክ ታገናኛለች። አባቷ ልባቸው ደክሞ አልጋ ከያዙ ወዲህ እሳቸውን ለማስታመም ወደ ሰፈራችን ተመልሳለች፤ ከእሷ በቀር ሰው የላቸውም። የያዘችው የሐኪም ወረቀትም የእሳቸው ነው። «አይዞሽ» ስላት፣ «እኔስ ደህና ነኝ፤ ያስቸገረኝ በሩ ነው» አለችኝ።

የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት የሠላሳ ዓመት ወዳጄ ናቸው። ሰፈሩ ከጀርባቸው «ጋሼ ሳሙና» ይላቸዋል፤ ሰው ጨብጠው ይታጠባሉ፣ ሳይጨብጡም ይታጠባሉ። ሃይማኖታቸውን አጥባቂ ናቸው፣ ከመደርደሪያው ኋላ በመጋረጃ የተከለለች የጸሎት ጥግ አለቻቸው። በሥራቸው ግን እንከን አይወጣላቸውም። ማንበብ ለማይችል ሰው ብልቃጡ ላይ የጎማ ላስቲክ ይጠመጥሙና፣ እጁ ላይ አስቀምጠው የቱ መቼ እንደሚወሰድ ሦስት ጊዜ ሳያስደግሙ አይለቁትም። እኔንም ማንበብ የምችለውን ሰውዬ ያስደግሙኛል።

ያን ቀን በሩን በቁመታቸው ዘግተው፣ ነጩን ጋውናቸውን እየጎተቱ «ልጄ፣ አንቺ ግቢ። እሱ ግን አይገባም» አሏት።

«ጋሼ፣ የማየው በእሱ ነው። እሱን ውጭ ትቼ እንዴት ልግባ?»

«እጅሽን ይዤ አስገባሻለሁ።»

«ዛሬ እርስዎ ይይዙኛል። ነገ ሌላው በር ላይ ማን ይይዘኛል? ንጹሕ ነው ደግሞ፤ ጠዋት ጠዋት እኔው ነኝ የማብሰው። የክትባት ወረቀቱም ይኸው።»

«ቆሻሻ ነው አላልኩሽም። ርኩስ ነው ነው ያልኩሽ፤ ሁለቱ ይለያያሉ። እዚህ ቤት ጸሎት ይደረጋል፣ እሱ የረገጠው ላይ መስገድ አልችልም። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ብሆን ለአንቺ ስል ዛሬውኑ እሽረው ነበር።»

ይህን ሲሉ ፊታቸው ላይ ክፋት አልነበረም፣ ያዘኑም ይመስላሉ። የከነከነኝም እሱ ነው። ልጅቱ አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችምም። በዚያ ቀን ብቻ ይህ ሦስተኛው በር መሆኑን፣ ዳቦ ቤቱ በመጥረጊያ እንዳባረራቸው፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱም ጸሎቴን ታበላሺብኛለሽ እንዳላት የአውቶቡስ መዘግየት እንደሚያወራ ሰው ተረጋግታ ነገረችኝ።

እዚህ ላይ ተማርኩ የሚል ሰው ምን ማድረግ ነበረበት? ወዳጁን «ተሳስተዋል» ማለት። እኔ ግን አስታራቂ ሆንኩ። ብዙ ጊዜ አስታራቂ የምንለው ሁለቱንም ሳያስቀይም ሹልክ ማለት የሚፈልገውን ሰው ነው። «ምን አጨቃጨቃችሁ፣ እኔ አመላልሳለሁ» ብዬ ወረቀቷን ተቀብዬ ገባሁ።

ወዳጄ ለአባቷ ሁለት ብልቃጥ አዘጋጁ። ባለ አንድ ላስቲኩ የማታ ነው፣ እንቅልፍ የሚሰጣቸው። ባለ ሁለቱ የጠዋት ነው፣ ከሰውነታቸው ውኃ የሚያስወጣው። ነገሩኝ፣ እኔም እሺ አልኩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜም ሳያስደግሙ ለቀቁኝ። በሩ ላይ ደርሼ ለልጅቱ «ባለ አንዱ የጠዋት፣ ባለ ሁለቱ የማታ» አልኳት።

ውሸት ልናገር ፈልጌ አይደለም። ለእኔ ቀን የሚጀምረው ጠዋት ነው፤ አንድ ሲባል ጠዋት፣ ሁለት ሲባል ማታ። በወዳጄ ሃይማኖት አቆጣጠር ደግሞ ቀኑ የሚገባው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ ስለዚህ አንድ ብለው የሚጀምሩት ከማታው ነው። ብልቃጡ ላይ የተጻፈውን እንዳላይ መነጽሬ ቤት ቀርቷል። እሷ ገብታ ቢሆን ከራሳቸው አፍ ሰምታ፣ በጣቷ ዳብሳ፣ ሦስት ጊዜ ደግማ ትወጣ ነበር።

የራሴን የሳል መድኃኒትም ረስቼ ኖሯል። ማክሰኞ አራት ሰዓት ላይ ልወስድ ተመልሼ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ወዳጄ አነሱና ፊታቸው አመድ መሰለ። «ጠዋት ባለ ስንቱን ነው የሰጠሻቸው?» ሲሉ ሰማኋቸው። ከዚያ ስልኩን እንደያዙ ወደ እኔ ዞሩ።

«መምህር፣ ምን ብለው ነው የነገሯት?»

ነገርኳቸው። ከአፌ ሲወጣ ስህተቴን ከፊታቸው አየሁት። ሽማግሌው የልብ በሽተኛ ሌሊቱን ውኃቸው ሲወጣ አድሮ፣ ጠዋት በዚያ ድካም ላይ የእንቅልፍ መድኃኒት ተሰጥቷቸዋል። አሁን ቢቀሰቅሷቸው አይነቁም።

ወዳጄ ለሐኪሙ ደውለው፣ ሱቁን እንኳ ሳይቆልፉ በጋውናቸው ሮጡ። እኔም እግሬን እየጎተትኩ ተከተልኩ። ቤቱ ሁለት ቅያስ አልፎ ነው። ስንደርስ በሩ ተከፍቷል፣ ውሻውም ደፉ ላይ ቆሟል። ወዳጄ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ቀጥ አሉ። ውሻው አያቸውና ዘወር ብሎ አሳለፋቸው። ገብተው አልጋው ሥር ተንበረከኩ፣ የሽማግሌውን እጅ ይዘው የደም ሥራቸውን ምት መቁጠር ጀመሩ። ሐኪሙ መጣ፣ ግሉኮስ ተከለ፣ ትንሽ ብንዘገይ ኖሮ እንደማይተርፉ ነግሮን አጠገባቸው ተቀመጠ። እነዚያን ሰዓቶች እንዴት እንዳለፍኳቸው አላውቅም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሽማግሌው ዓይናቸውን ገልጠው ውኃ ጠየቁ።

ያን ጊዜ ነው ወዳጄ የተንበረከኩበትን ያዩት፤ የውሻው ብርድ ልብስ ነበር። ጋውናቸው ላይ ቡናማ ፀጉር ተለጥፏል።

«ልጄ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። «ሳላስደግም መድኃኒት ሰጥቼ አላውቅም ነበር።»

የለም የእኔ ነው አልኩ። እሷም «የሁለታችሁም ነው» አለች፣ ቁርጥ አድርጋ። ከዚያ ፊቷን ወደ ወዳጄ ድምፅ መለሰች።

«ጋሼ፣ ሲገቡ ውሻው በሩ ላይ ነበር?»

«ነበር።»

«ምን አደረገዎት?»

«ዘወር ብሎ አሳለፈኝ።»

«አባቴ ዛሬ የተረፈው እሱ ስላሳለፈዎት ነው። ትናንት እርስዎም እንዲሁ ቢያሳልፉን ኖሮ ከመነሻውም እዚህ ባልደረሰ።»

ወዳጄ አንገታቸውን ደፉ። እሷ ግን አልጨረሰችም።

«ዛሬ ማታ ይጸልያሉ?»

«እንዴታ።»

«ብርድ ልብሱን ነክተው የለም እንዴ?»

«ታጥቤ፣ ልብሴን ቀይሬ ነዋ።»

«እንግዲያው ውሻ የነካው ማጠቢያ አለው። ትናንት በር ላይ የሆንነውን በምን ውኃ ያጥቡታል?»

ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቄ አላውቅም፣ ተጠይቄም አላውቅም። ወዳጄ ቀስ ብለው ተነሡና «ሕጉን በራሴ አልሽርም፤ አስተማሪዬን ልጠይቅ» አሉ። እሷም ሕግ ሻሩልኝ እንዳላለች፣ የምትለምነው መግቢያና አንድ ባልዲ ውኃ ብቻ መሆኑን በትሕትና ነገረቻቸው።

በማግሥቱ ቤቴ መጡ። ከወንበሩ ጫፍ ተቀምጠው ያወሩኝ የሃይማኖት አስተማሪያቸው ያሏቸውን ነው። ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ካዳመጧቸው በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠይቀዋቸዋል፦ «ሰውየውን ልታድን ውሻው ያለበት ቤት ስትገባ እኔን ጠየቅከኝ?» አልጠየቅኩም ብለዋል። «ታዲያ ያን ጊዜ ያወቅከውን አሁን ምን አስረሳህ? የጸሎት ጥግህን ጠብቅ፣ ወለልህን እጠብ፣ ሰውን አስገባ።»

ሐሙስ ዕለት መድኃኒት ቤቱ በር ላይ በትልልቅ ፊደል «ሰው የሚመራ ውሻ ይገባል» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ከበሩ እስከ መደርደሪያው የሚታጠብ ምንጣፍ ተነጠፈ። የጸሎት ጥጓ መጋረጃዋን እንደጋረደች ናት። ዳቦ ቤቱ መጀመሪያ ቢስቅም፣ ጋሼ ሳሙና ያስገቡትን ውሻ እኔ ማን ነኝና እመልሳለሁ ብሎ መጥረጊያውን አስቀመጠ። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ገና እያሰበበት ነው፤ እኔም በየቀኑ እየሄድኩ አሰለቸዋለሁ። ልጅቱ የአባቷን መድኃኒት፣ ዳቦዋንም ራሷ ገብታ ትገዛለች፣ ሥራዋም ላይ አታረፍድም። የማንም ጸሎት አልተበላሸም። ወለሉ ቀድሞ በሳምንት ሁለቴ ይታጠብ የነበረው፣ አሁን በየቀኑ ይታጠባል።

ያን ሐሙስ ውሻው መርቷት ስትገባ እኔም ነበርኩ። ወዳጄ ብልቃጦቹን እጇ ላይ አስቀመጡላት። ላስቲኮቹን ዳብሳ ሦስት ጊዜ ደገመች። በጣም ጥሩ ካሏት በኋላ፣ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ ወደ እኔ ዞሩ።

«አሁን ደግሞ መምህር ይድገሙ።»

ልከራከር ነበር። ውሻው መጥቶ እግሬ ሥር ተኛ፣ የድሮ ተማሪዬም ጆሮዋን ቀና አድርጋ ጠበቀችኝ።

«ባለ አንዱ የማታ፣ ባለ ሁለቱ የጠዋት» አልኩ። ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ።