ቦርሳና ባንዲራ

ወደ ኒው ዌስት ሰፈር በሚሄደው ትራም ውስጥ፣ ከፊቴ አንድ ሽማግሌና የተጠቀለለ የሆላንድ ባንዲራ የያዘች ሴት ተቀምጠው በአማርኛ ያወራሉ።

«ምን በዓል ኖሮ ነው ልጄ?»

«በዓል አይደለም አባባ። እዚህ አገር የመጨረሻ ፈተና ያለፈ ተማሪ ቦርሳውን ከባንዲራ ጋር መስኮት ላይ ይሰቅላል።»

«የታደለ! የኔን የልጅ ልጅ ለመስከረም ቬኤምቤኦ የሚሉት ትምህርት ቤት መደቡት። ገና በአሥራ ሁለት ዓመቱ የእጅ ሙያ ይማር ብለው ፈረዱበት። እናቱ ስታለቅስ ነው የከረመችው፤ እኔም ልቆጣው እየሄድኩ ነው።»

«ኧረ አይቆጡት! ልጄንም እንደዚሁ ሲሏት አስተማሪዋ ፊት አልቅሻለሁ። ሴትዮዋ ውሃ ሰጥታኝ፣ ‹መንገዱ ይረዝማል እንጂ አይዘጋባትም› አለችኝ። እግዜር ይስጣት፣ እውነቷን ነው። ቬኤምቤኦን ጨርሳ ኤምቤኦ የሚሉት ከፍ ያለ የሙያ ትምህርት ቤት ገባች። ከዚያ ኮሌጅ ተቀበላት። አሁን አስተማሪ ልትሆን ነው።»

«ተመስገን! ቦርሳዋን ልትሰቅዪላት ነዋ።»

«የሷንማ ያኔ ቬኤምቤኦን ስትጨርስ ሰቅለናል። ይሄ የኔ ነው።»

«ያንቺ?»

«አሥር ዓመት ቢሮ ሳጸዳ ኖሬ፣ በሷ ጉትጎታ ኤምቤኦ ገባሁ። እራት ከበላን በኋላ እሷ እያስጠናችኝ የአረጋውያን እንክብካቤ ተማርኩ። ዛሬ ‹አልፈሻል› ብለው ደወሉልኝ።»

ሽማግሌው ባንዲራውን በጣታቸው ዳሰስ አደረጉት።

«እልልል በይ እንጂ! … ለመሆኑ ለልጁ እንድይዝለት፣ ይሄን ከየት ነው የገዛሽው?»

እኔ መውረጃዬን ሁለት ፌርማታ አልፌ ነበር።