ዙሪያ ጥምጥሙ መንገድ

ፀጉር አስተካካዩ እየሮጠ ታክሲ ውስጥ የገባው ዝናቡን ሸሽቶ አይደለም፤ አናጢውን ሸሽቶ ነው። ከቤቱ እስከ ፀጉር ቤቱ ያለው መንገድ በእግር ቢሄዱት እንኳን ሊያደክም፣ የጀመሩትን ወሬ አያስጨርስም። ጣጣው መሐል ላይ ነው። መሐል ላይ የአናጢው ወርክሾፕ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ይውላል፤ በዚያ በር ፊት ማለፍ ለዚህ ሰው እሳት ውስጥ እንደ መግባት ነው። ስለዚህ ጠዋት በታክሲ ዞሮ ይሄዳል፣ ማታ በታክሲ ዞሮ ይመለሳል። ሚስቱን «እግሬን እያመመኝ ነው» ብሏታል። ያን የመሰለ ጤነኛ እግር ይዞ! እንግዲህ እናንተው ፍረዱ።

ዕዳው የመጣው ከሠርጉ ጋር ነው። አልጋውና ባለ ሦስት በሩ ቁም ሳጥን ከአናጢው በዱቤ ተወሰዱ። «ሙሽራ ባዶ ቤት ይገባል እንዴ?» ያላለ ዘመድ አልነበረም፤ መክፈያው ሲደርስ ግን ከእነዚያ ሁሉ ዘመዶች የአንዱም ድምፅ አልተሰማ።

ታክሲው ውስጥ የቀረችው አንዲት የኋላ ወንበር ነበረች። ፀጉር አስተካካዩ ተቀምጦ ትንፋሹን ሳይሰበስብ የሚያውቀው ሽታ አፍንጫው ውስጥ ገባ፤ የሰጋቱራና የቫርኒሽ ሽታ። ቀስ ብሎ ዞር ሲል ከጎኑ የተቀመጡት ሽማግሌ ጆሯቸው ላይ እርሳስ ሰክተዋል።

«ደህና አደርክ፣ ሙሽራው?» አሉት አናጢው።

«እ… እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጋሼ። እርስዎስ?»

«አለሁ።»

መውረድ አይቻልም፤ ረዳቱ በሩን ዘግቷል፣ ታክሲው ይበራል። ሰውየው በየማታው ሲያጠናቸው የከረማቸው ሰበቦች ነበሩት፤ ሥራ ተቀዛቀዘ፣ የቤት ኪራይ ጨመረ፣ የምላጭ ዋጋ ሰማይ ነካ። አሁን ግን አንዱም ትዝ ሊለው አልቻለም። ደግነቱ ሙያ አይተኛምና ዓይኑ የአናጢው ፀጉር ላይ አረፈ።

«ጋሼ፣ ፀጉርዎ እንዲህ ምን ሆኖ ነው?»

«ማን ይቁረጠኝ?» አሉ አናጢው ቆጣ ብለው። «ልቆረጥ አንተ ዘንድ ብመጣ ገንዘቡን ሊጠይቀኝ መጣ ትላለህ። ሌላ ጋ ብሄድ ደግሞ ተጣሉ ይባላል። ይኸው ጎፈሬ አብቅዬ እዞራለሁ።»

አይ የሰው ነገር! አበዳሪም ይሸሻል ለካ። ፀጉር አስተካካዩ ግን ገና ሌላውን አልሰማም ነበር።

«እርስዎ ግን በዚህ በኩል ምን አመጣዎት? ቤትዎ ለወርክሾፑ ቅርብ አይደል?»

አናጢው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ሲመልሱ ድምፃቸው ከታክሲው ሞተር በታች ነበር። «የጣውላ ነጋዴው መደብር መንገዴ ላይ ነው።»

«እርስዎም?»

«እኔም። በዱቤ ጣውላ ወስጄ፣ በዱቤ ዕቃ ሠርቼ፣ ባዶ እጄን ቀረሁ። ሰውየው በሚመጣው ሳምንት ካልከፈልክ የመላጊያ ማሽንህን አነሳለሁ ብሎኛል። ማሽኑ ሄደ ማለት እኔ አናጢ መሆኔ ቀረ ማለት ነው።» ከዚያ ወደሱ ዞሩ። «ስለዚህ ልጄ፣ አትቀየመኝ። ቅዳሜ ጠዋት ጋሪ ይዤ እመጣለሁ። አልጋውንም፣ ቁም ሳጥኑንም አነሳለሁ።»

ፀጉር አስተካካዩ አፉን ያዘ። ሚስቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን ልትወልድ ወሯ ገብቷል። የት ላይ ሊያስተኛት ነው?

ያን ቀን የሦስት ሰው ፀጉር ቆርጦ የሁለቱን አበላሸ። ማታ ቤት ሲገባ ሚስቱ መብራት አብርታ የተማሪዎቿን ሥዕል ታርማለች። የሕፃናት አስተማሪ ናት፤ ነገር ሲደበቃት ዝም ብላ የምትጠብቅ ዓይነት ሴት። ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ሁሉንም ዘረገፈላት።

«ያመመህ እግርህ እንዳልሆነ አውቅ ነበር» አለችው። «አንድ ቀን እንኳ ስታነክስ አላየሁህም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ራስህ እስክትነግረኝ ብዬ ነዋ! ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የሳምንት የታክሲህን ደምረኸው ታውቃለህ?»

«ኧረ ተይኝ! ቤቴ ሊፈርስ ስለ ታክሲ ታወሪልኛለሽ?»

«ለመደበቂያ የምታወጣውን ለራሳቸው ብትሰጣቸው ኖሮ ቅዳሜ በጋሪ ባልመጡብን። እኔ እስካሁን ለማን ስንት እንዳለብን እንኳ በወጉ አላውቅም። አንተ ታፍራለህ፣ እኔ እፈራለሁ፤ እንዲህ ሆነን ስለ ገንዘብ ተነጋግረን እናውቃለን?»

ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ። እሷም አላጣደፈችውም፤ ተነሥታ ቁም ሳጥኑን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። ክፍሉ አንድ መስኮት ነው ያለው፤ ያንንም ቁም ሳጥኑ ከገባ ወዲህ ጋርዶታል። በጠራራ ፀሐይ መብራት የሚበራበት ቤት ነው።

«ይሄ ይሂድ» አለች።

«ምን? እናቴ መጥታ ብታይስ? ጎረቤቱ ምን ይላል?»

«ጎረቤቱ የመብራት ይከፍልልናል? ካሉት በሮች የምንከፍተው አንዱን ነው፤ የሌሎቹ ውስጥ ያለው ባዶ መስቀያ ነው። ቁም ሳጥኑ ይሂድ፣ አልጋው ይቅር፣ የቀረውን በየሳምንቱ እንክፈል።»

«በየሳምንቱ? ረሳሽው? ያን ጊዜ የመጀመሪያውን ጥቂት ገንዘብ ወስጄላቸው ‹እንደ ለማኝ ሳንቲም አልቆጥርም፤ ሲሞላልህ አምጣው› ብለው አይደል የመለሱኝ? እሳቸው የድሮ ሰው ናቸው። ወይ ሙሉውን፣ ወይ ምንም።»

«እንግዲያው እኔ አነጋግራቸዋለሁ።»

እስከ ቅዳሜ ያለውን ጊዜ ሰውየው እንዴት እንዳሳለፈው ባልናገር ይሻላል። ጋሪ በመንገድ ባለፈ ቁጥር መቀሱን አስቀምጦ በር ላይ ይወጣል። ሚስቱን ቀና ብሎ ማየት ያፍራል። ዕዳ ያለበት ሰው ከገንዘቡ በፊት የሚያጣው ሰላሙን ነው፤ ይህን የሚያውቅ ያውቀዋል።

ቅዳሜ ጠዋት አናጢው በቀጠሯቸው መጡ። ጋሪውን ጎዳናው ላይ አስቁመው ገቡና የነፍሰ ጡሯን ሆድ ሲያዩ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እንዴት አደርሽ፣ ሙሽሪት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጋሼ። ይቀመጡ እስቲ።»

«ብቀመጥ ልቤ ይባባል። ቆሜ ልጨርስ።»

«ሳይቀመጡማ አይሆንም፤ በሞቴ!»

ተቀመጡ። ሌላ መቀመጫ ስላልነበረ የተቀመጡት ሊያነሱት የመጡት አልጋ ጫፍ ላይ ነው። ባልየው ግድግዳውን ተደግፎ ጥፍሩን ይበላል።

«ጋሼ፣ ዕዳው የኛ ነው፤ ቢወስዱም አንቀየምዎትም» ብላ ጀመረች። «ግን ያን ጊዜ ባለቤቴ ያመጣልዎትን ገንዘብ ለምን መለሱበት?»

«ጥቂት ነበራ! በእፍኝ በእፍኝ የመጣ ገንዘብ ይበተናል ልጄ። እኔ በአባቴ ዘመን ያየሁት ሰው ቃሉን ሙሉ ይዞ ሲመጣ ነው። ጎደሎ መቀበልም፣ ጎደሎ መስጠትም ነውር ነው።»

«ያ የመለሱት ገንዘብ የት እንደገባ ላጫውትዎት? እሱ በኪሱ ይዞት ሲመለስ የጫማ መደብሩ ጋ ደረሰ። እርስዎ ያልተቀበሉትን ጫማ ሻጩ ተቀበለ። ትንሽ ነው ብሎ አልመለሰውም።»

አናጢው ዓይናቸው ወደ ባልየው እግር ወረደ። ባልየው እግሩን አልጋው ሥር ሊደብቅ ሞከረ፤ ግን ያ ጫማ እንኳን ከአልጋ ሥር ከጨለማም የሚታይ ቀይ ነበር።

«በየጊዜውም እንዲሁ ሆነ» አለች አስተማሪዋ። «ሙሉው እስኪሞላ ብለን እናስቀምጣለን፤ የተቀመጠው ተቀማጭ አይሆንም፤ አንድ ቀን እንግዳ ይመጣል፣ አንድ ቀን እኔ የማያስፈልገኝን እገዛለሁ። አዎ፣ እኔም አለሁበት። እርስዎ ግን ለጣውላ ነጋዴው ጥቂትም ቢሆን ወስደውለት ያውቃሉ?»

«ምን ቆርጦኝ! እፍኝ ሳንቲም ይዤ ፊቱ ልቁም?»

«ታዲያ ከባለቤቴ በምን ተለዩ?»

የአናጢው ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ባልየው ያለቀሱ መስሎት ደነገጠ፤ ሲስቁ ኖሯል።

«እንዲያው ሁለታችንም በታክሲ!» አሉ ዕንባቸውን እየጠረጉ። «እኔ ከሱ ስሸሽ፣ እሱ ከኔ ሲሸሽ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠን!» ሳቁ ሲያልፍ ፊታቸው መልሶ ጠቆረና ወደ ባልየው ዞሩ። «እሺ፣ ማሽኔስ? በእፍኝህ ማሽኔን ታድነዋለህ?»

«ቁም ሳጥኑን ይውሰዱት» አለች ሚስቱ ቀድማ፤ «እንዳዲስ ነው። ይሽጡትና የሚያወጣውን ዛሬውኑ ለነጋዴው ይውሰዱ። ጎደሎ ነው ብለው አይፈሩ፤ ሰው ገንዘብ ይዞ ሲመጣ ያየ አበዳሪ ጋሪ አይልክም። አልጋውን ይተዉልን። የቀረብንን በየቅዳሜው ባለቤቴ ያመጣልዎታል፤ በእግሩ፣ በፊት ለፊቱ መንገድ። የታክሲው ገንዘብ የርስዎ ነው። አንድ ቅዳሜ ከቀረ አልጋው የርስዎ ይሁን።»

አናጢው ቁም ሳጥኑን ከላይ እስከ ታች በዓይናቸው ለኩት።

«እንዲህ ያለ ቁም ሳጥን የሚፈልግ አንድ ሰው ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ሊያገባ ነው።»

«እባክዎን በዱቤ እንዳይሰጡት!»

«በዱቤ? ከእንግዲህ? መማል አልወድም እንጂ…» ብለው ተነሡ። «በል አንተ፣ ና ያዝልኝ በዚያ በኩል!»

ጋሪው ጠባቡ መታጠፊያ ላይ ስለማያልፍ ቁም ሳጥኑን እስከ ጎዳናው የተሸከሙት በእጅ ነው። ከዚያም ፀጉር አስተካካዩ ጋሪውን ከኋላ እየገፋ፣ ሲሸሸው በከረመው መንገድ፣ በጠራራ ቀን አለፈ። ጆሮው እስኪግል አፈረ። ያ ሲፈራው የኖረው «ሰው ምን ይላል» አሁን ሊመጣ ነው ብሎ ጠበቀ። አንዲት ጎረቤት በሯ ላይ ቆማ ነበር፤ «ስንት ተሸጠ?» አለችና መልሱን ሳትጠብቅ ልብሷን ማስጣት ቀጠለች። ከዳቦ ቤቱ ደጃፍ አንድ የድሮ ደንበኛው «አንተ! የት ጠፍተህ ነው? ጢሜን ተመልከተው!» ብሎ ጮኸበት። በቃ። ለዚህ ነበር ያ ሁሉ ታክሲ።

ቁም ሳጥኑ ያን ቀን በጥሬ ገንዘብ ተሸጠ። የጣውላ ነጋዴውም ጥቂት አጉረመረመ፣ ሆኖም ገንዘቡን ቆጥሮ ኪሱ ከተተ፤ ማሽኑም ከቦታው አልተነቃነቀም። አናጢው ከዚያ ሲወጡ በቀጥታ የሄዱት ፀጉራቸውን ሊቆረጡ ነው። ወንበሩ ላይ ሆነው «ሚስትህ ልክ ናት» አሉ በመስታወቱ ውስጥ እያዩት፤ «እኔ ጎደሎ አልቀበልም ስል ኩራት መስሎኝ ነበር። ለካ ያንተንም የኔንም ገንዘብ ለጫማ ሻጭ የምገብረው እኔ ነኝ።»

ፀጉር አስተካካዩ ግን ወዲያው አላመነም ነበር። ፍርሃት በአንድ ቀን አይለቅም። የመጀመሪያዎቹን ቅዳሜዎች የሄደው ገንዘቡን ደጋግሞ እየቆጠረ ነው፤ አልጋው የቃሉ መያዣ ነዋ! ሥራ የቀዘቀዘ ሳምንት ሲመጣ እንቅልፍ አጥቶ ያድራል። ያኔ ባልና ሚስት አርብ አርብ ገበታ ላይ ተቀምጠው የገባውንና የወጣውን ሳይደባበቁ ይነጋገራሉ፤ ከወጪው የሚቀነስ ነገር ይፈልጋሉ፣ ያገኙማል። ተጨቃጭቀውም ያውቃሉ። አንድም ቅዳሜ ግን አልቀረም።

ሕፃኗ የተወለደችው በዚህ መሐል ነው። አልጋው ላይ፣ በተከፈተው መስኮት ሥር ተኝታ ብርሃን እየሞቀች አደገች። ቀን መብራት ማብራት ቀረ፣ ሰውየው በእግሩ መሄድ ጀመረ፣ በመንገዱ ያሉ ደንበኞቹ ተመለሱ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን በር ሲንኳኳ ሁለቱም አለመደንገጣቸው ነው።

ዕዳው ያለቀ ዕለት አናጢው እጁን ጨብጠው አሰናበቱት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ፀጉር አስተካካዩ የተለመደውን ገንዘብ እንደያዘ ወርክሾፑ በር ላይ ቆሞ ተገኘ። እግሩ ነው ያመጣው።

አናጢው እርሳሳቸውን ከጆሯቸው አውርደው አዩት። «አንተ ልጅ፣ ጨርሰሃል እኮ!»

ገንዘቡን ተመለከተው። ለመጀመሪያ ጊዜ የማንም ያልሆነ፣ የራሱ ገንዘብ ነበር።

«ይኸው ለሁለተኛ ጊዜ ገንዘብህን እመልስልሃለሁ» አሉ አናጢው፣ ገንዘቡን እጁ ውስጥ እያስጨበጡት። «የመጀመሪያው የኔ ስሕተት ነበር። ይሄኛው ከጠፋ ያንተ ነው። የቁጠባ ማኅበሩ እስከ እኩለ ቀን ክፍት ነው፤ ለልጅቱ አስቀምጥላት። ሂድ ቶሎ!»

ፀጉር አስተካካዩ አመስግኖ ወጣ። ወደ ቁጠባ ማኅበሩ የሚያደርሰው አጭሩ መንገድ በጫማ መደብሩ ፊት ለፊት ያልፋል። መታጠፊያው ላይ ቆም ብሎ አሰበበት፤ ኪሱን በእጁ ያዘ። ከዚያም እንደ ለመደው በዙሪያ ጥምጥሙ ሄደ፤ በዚህ ጊዜ ግን በእግሩ።